አሻራው ሲሻገር ስሙም ይሻገር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ወላይታ ሶዶ ከዳሞት ተራራ ሥር የተቆረቆረች፣ ከየትኛውም የአገር ወሰን ራቅ ያለች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የድንበር ጉዳይ ለሶዶ ባዕድ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማይቱ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ክልሉም በደቡብ ኦሞ በኩል ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናል። ከሶዶ ተነሥቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኮንሶ የሚወርደው መንገድም ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ኦሞራቴ ያደርሳል። ከሐድያና ከከምባታ እንደሚነሡት ወጣቶች ሁሉ፣ ከአረካ፣ ከቦዲቲና ከየገጠሩ ቀበሌ የሚነሣው የወላይታ ወጣት ኬንያንና ታንዛንያን፣ ከዚያም ማላዊን ወይም ዛምብያን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የሚሞክረው በዚሁ በደቡቡ አቅጣጫ ነው። ስለዚህም መንግሥታት የመንገደኛን የጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል እርስ በርስ ለመለዋወጥ ሲስማሙ፣ የስምምነቱ ፍሬ ጣፋጭም ሆነ መራራ ከእነዚህ ቀበሌዎች መድረሱ አይቀርም።

ዛሬ ለውይይት የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ድንበርን ለማስጠበቅ ሲባል ከአገር ወደ አገር የሚተላለፍ አሻራ ለባለቤቱ ምን ዓይነት ግዴታ ይዞ መሄድ አለበት?

ነገሩ የሚጀምረው ከስም ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲሆን የቤተ ሰብ የጋራ መጠሪያ የለውም። የውጭ አገር መዝገብ ግን ያለ ቤተ ሰብ ስም አይሞላምና አንዱ ጸሐፊ አያቱን፣ ሌላው አባቱን የቤተ ሰብ ስም ያደርግለታል። የወላይታ ሰው ስም ደግሞ በግዕዝ ፊደል፣ በወላይትኛ የላቲን አጻጻፍና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ መካከል ይመላለሳል። ለምሳሌ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ የካዎ ጦና ስም በወላይትኛ የላቲን አጻጻፍ በ«ኤክስ» ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ግን የሚገኘው በ«ቲ» ነው። ተራው ጦና በአንድ ኬላ በ«ኤክስ»፣ በሌላው በ«ቲ» ከተመዘገበ ለመዝገቡ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። የዘመን አቈጣጠሩ ልዩነት የልደቱን ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሲያዛባው ሦስተኛ ሰው ይወለዳል። ይህን ክፍተት ከማንም በላይ የሚያውቀው ደላላው ነው።

ሰውነት ግን በፊደል አይለወጥም። መንግሥታት ፊታቸውን ወደ አካል መለያ፣ ማለትም ወደ ባዮሜትሪክ መረጃ፣ ያዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መሣሪያው በጣት ላይ ያሉት መስመሮች የሚቆሙባቸውንና የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ለይቶ በቁጥር ይመዘግባል። ከዚያም ከሁለት ጥያቄዎች አንዱ ይቀርብለታል። የመጀመሪያው «ይህ ሰው ነኝ ያለውን ሰው ነውን?» የሚል ሲሆን፣ አንዱን አሻራ ከአንድ አሻራ ጋር ብቻ ያስተያያል። ሁለተኛው «ይህ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ የትኛው ነው?» የሚል ነው፤ ይህም አንዱን ከሚሊዮኖች ጋር ስለሚያስተያይ ለስሕተት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በሁለቱም ረገድ የሚገኘው መልስ የመመሳሰል ደረጃ እንጂ ፍጹም እርግጠኝነት አይደለም።

ልውውጡ በዓለም ደረጃ ሥር የሰደደ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት ዩሮዳክ የተባለውን የጥገኝነት ጠያቂዎች አሻራ መዝገብ በጥር 1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ አውሏል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2396፣ አባል አገሮች አሸባሪዎችን ለመለየት የአካል መለያ መረጃ መሰብሰቢያ ሥርዐት እንዲያቋቁሙ አስገድዷል፤ መረጃውንም በኀላፊነት እንዲለዋወጡ አበረታቷል። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ ሸንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚገባ የውጭ ዜጋ አሻራውንና የፊቱን ምስል በኬላ መስጠት ጀምሯል። በኢትዮጵያ ደግሞ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ የዐሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዐይኖች ብሌንና የፊትን ምስል ከአንድ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ጋር ያያይዛል። በሞያሌም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት በአንድ ኬላ መንገደኛን የሚያስተናግዱበት አሠራር ተመርቋል። ይህ ሁሉ ሲደማመር የመረጃው መሻገሪያ ድልድይ እየተሠራ መሆኑን ያሳያል።

የድልድዩ ጥቅም ሊካድ አይገባም። ሰውን እንደ ዕቃ በኮንቴይነር አሽጎ የሚልክ ደላላ በአንዱ አገር ሲፈለግ በሌላው አገር ስሙን ለውጦ ይሠራል። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከወሰን ባሻገር ያለ የማስረጃ ትብብር ሙሉ ኀይል አይኖረውም። የድንበር ጸጥታ ለወላይታ እናት ከሌላው ያላነሰ ጉዳይዋ ነው፤ ልጇን ያታለለው ሰው የሚያዘው በዚሁ መንገድ ሊሆን ይችላልና።

ነገር ግን መሣሪያም ሰውም ይሳሳታል። በመጋቢት 1996 ዓ.ም. በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ፣ የስፔን ፖሊስ ያስተላለፈውን አሻራ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ መርምሮ በኦሬጎን የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አለ። ጠበቃው ለሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ግን ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ። ለአፍሪካ ቀንድ ቅርብ የሆነ ሌላም ምሳሌ አለ። በ2008 ዓ.ም. አንድ ኤርትራዊ በካርቱም ተይዞ፣ የሚፈለገው የሰው አሻጋሪ ነው ተብሎ ለኢጣልያ ተላልፎ ተሰጠ። በስም መመሳሰል የመጣው ይህ ጣጣ የተፈታው ከሦስት ዓመት እስር በኋላ፣ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሰውየው የተሳሳተ ሰው መሆኑን አረጋግጦ ሲለቀው ነው። ማንነቱን ካስረዱት ነገሮች አንዱ እናቱ ከአገሯ ድረስ መጥታ የሰጠችው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነበር። እንግዲህ በማድሪዱ ነገር የአካል መረጃ ንጹሑን ሰው አሳሰረ፤ በካርቱሙ ነገር ነጻ ለማውጣት ረዳ። በሁለቱም ጉዳዮች የታሰረውን ሰው ያዳነው የሚከራከርለትና የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ነው። ከዳሞት ወይዴ ወይም ከኪንዶ ኮይሻ ተነሥቶ በሌላ አገር እስር ቤት ለተያዘ ገበሬ እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ይመጣል?

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጥያቄ ከስድሳ ዓመታት በፊት በሌላ መልክ አንሥቶት ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የጣትን አሻራ እንደ ፊርማ ይቀበላል፤ ነገር ግን ዐይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያደረገው ምልክት፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ባለጣቱን አያስገድደውም። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው፤ ጣቱን ያስቀመጠው ሰው ምን ላይ እንዳስቀመጠ የሚነግረውና ለቃሉ ተጠያቂ የሚሆን ምስክር በመካከል ያስፈልጋል። ዛሬ በኬላ የሚሰጥ አሻራ ወደ ስንት መዝገብ እንደሚሄድ መንገደኛው የተማረ ቢሆን እንኳ አያውቅም። በዚህ ረገድ ሁሉም ሰው ማንበብ እንደማይችል ሰው ነው። የ1952ቱ ጥበቃ ለዛሬው ልውውጥም ሊዘረጋ ይገባዋል መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

የጣቱም ነገር ራሱን የቻለ ችግር አለው። ዕድሜውን ሙሉ በመቆፈሪያ የኖረ ገበሬ፣ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት፣ የጣታቸው መስመር የተፋቀ ነው። ይህ በየአገሩ በእጅ ሥራ በሚኖሩ ሰዎችና በአረጋውያን ላይ የሚታይ ነገር ነው። መሣሪያው ሳያነበው የቀረ ጣት ያለው ሰው እንደ አጭበርባሪ እንዳይታይ፣ በዐይን ብሌንም ሆነ በሰው ምስክርነት ሌላ መንገድ አስቀድሞ ሊዘጋጅለት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሙታን ጉዳይ ነው። በመጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በተያዘ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ከ25 በላይ አስከሬኖች ከአንድ የጅምላ መቃብር ወጡ። በታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በማላዊና በዛምብያ የተገኙትም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የየአገሩ ባለሥልጣኖች ገልጸዋል። ሆኖም አገርን ማወቅና ሰውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በሶዶ ዙሪያ ለምትጠብቅ እናት መርዶ ሊሆን አይችልም፤ ሞተ እንዳትል አስከሬን የለም፣ አለ እንዳትል ድምፅ የለም። እርሟን ሳታወጣ ትኖራለች።

የሟች አሻራ ጊዜ ሳያልፍ ከተነሣና ሰውየው በሕይወት ሳለ ተመዝግቦ ከነበረ፣ ሕያው መንገደኛን ለማስቆም የሚያገለግለው ያው መስመር ለሟቹም ስሙን ሊመልስለት ይችላል። አሻራው ከጠፋም ኢንተርፖል በ2013 ዓ.ም. የጀመረው አይ-ፋሚሊያ የተባለ አሠራር የዘመዶችን ዲ.ኤን.ኤ. በአገሮች መካከል በማስተያየት ማንነቱ ያልታወቀን አስከሬን ለመለየት ያገለግላል። ይህ ለማዕከላዊ መንግሥት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የጠፋ ልጅ ያላቸው ወላጆች ፈቅደው ናሙና የሚሰጡበት፣ ናሙናውም ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል በጽሑፍ የሚረጋገጥበት ቦታ በሶዶ ሊኖር ይገባል።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ምንድን ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የአካል መለያ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል፤ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትንም ሁኔታ ወስኗል። የአፍሪካ ኅብረት የማላቦ ስምምነትም በ2006 ዓ.ም. ጸድቆ፣ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እነዚህ ሕጎች እንዳሉ ሆነው፣ ልውውጥን የሚመለከት ማንኛውም ውል አምስት ነገሮችን እንዲይዝ ባለሙያው ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛ፣ መረጃው የሚተላለፍበት ጉዳይ በስም ተጠቅሶ ይገደብ፤ ወንጀለኛን ለመያዝ የተላከ አሻራ ሥራ ፈላጊን ለመከልከል አይዋል። ሁለተኛ፣ የሚሰረዝበት ዘመን ይወሰን። ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የምታስጠጋ አገር ናትና፣ የስደተኛ አሻራ ለሸሸው መንግሥት እንዳይተላለፍ ይከልከል። አራተኛ፣ ተሳስቶ የተያዘ ሰው ወይም ቤተ ሰቡ አቤቱታውን አዲስ አበባ ድረስ ሳይጓዝ በሶዶ፣ በወላይትኛም ጭምር የሚያቀርብበትና መልስ የሚያገኝበት ሹም ይሰየም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የጠየቀው ምስክር በዘመኑ መልክ ይህ ሹም ነው። አምስተኛ፣ አሻራ የሚለዋወጡ አገሮች ሁሉ የሟችንም አሻራ አንሥተው የመላክና ለቤተ ሰቡ የማሳወቅ ግዴታ ይግቡ።

ከአምስቱ ውስጥ የመጨረሻው አዲስ መሣሪያ አይሻም፤ መሣሪያው ለሕያዋን ተገዝቶ በየኬላው ተተክሏል። የሚያስፈልገው በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ አንቀጽና ያንን አንቀጽ የሚጠይቅ ባለሙያ ነው። የዚህ ማኅበር አባላት ውል ሲረቀቅ ከሚጠሩት ሰዎች መካከል ናቸው፤ በተጠሩ ጊዜ አንቀጹ እንዳይረሳ ይታሰብበት።