ልጅ የሚማርበትንና የሚጫወትበትን ሲመርጥ ከሰው ምላስ እንጠብቀው
(ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ የማነሣው በደም ምርመራ የማይታይ ቁስል ነው። እርሱም የስፖርት ደጋፊዎች በወጣት ተጫዋቾች ላይ የሚያወርዱት ስድብ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ልጆቻችን የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ በስልካቸው ይከታተላሉ። ከእስራኤልም ወደዚያ ሄደው እየተማሩ የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ። ለምሳሌ ኦሜር ማየር በ2025 ከማካቢ ቴል አቪቭ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል።

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት እጅግ ትልቅ ነገር ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል። አሰልጣኞች ጎበዝ ተጫዋች ፍለጋ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ልጁም «ወደ እናንተ እመጣለሁ» ብሎ በቃሉ ይናገራል። ይህ ቃል ግን በሕግ አያስረውም፤ እስኪፈርም ድረስ መለወጥ ይችላል። ሲለውጥ ወይም ሌላ ኮሌጅ ሲመርጥ፣ በአካል አግኝተውት የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች «ከሃዲ» ይሉታል፣ ጉዳት እንዲደርስበት ይመኙለታል፣ ቤተሰቡንም ይሰድባሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በየካቲት 2015 ሮኳን ስሚዝ የተባለ የ17 ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ዩሲኤልኤ የተባለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምረጡን በቴሌቪዥን ፊት ተናገረ። ወዲያው ግን ያመነበት አሰልጣኝ ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ሊሄድ መሆኑን ሰማ። ስለዚህ ሳይፈርም ቆየና በመጨረሻ የጆርጂያን ዩኒቨርሲቲ መረጠ። በ2018 ፕሮፌሽናል ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ ስምንተኛ ሆኖ ተመረጠ። በሩቅ ያየ ሰው «ቃሉን አጠፈ» ይላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን «አስተውሏል» ይላል።

ቁጣው የባሰበት ገንዘብ ስለገባበትም ነው። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው መክፈል ይችላሉ። ከ2018 ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የስፖርት ውርርድ ሕጋዊ ስለሆነ፣ ገንዘቡን የተበላ ሰው ንዴቱን በልጁ ላይ ይወጣል። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ በ2024 ባወጣው ጥናት በውድድሮች ጊዜ ለተጫዋቾች፣ ለአሰልጣኞችና ለዳኞች ከተላኩ መልእክቶች ውስጥ ከ5,000 በላይ የሚሆኑት ስድብ ወይም ዛቻ መሆናቸው ተረጋግጧል። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከወንዶቹ ሦስት እጥፍ ያህል ዛቻ ደርሶባቸዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ልጁም አጥፍቷል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛ ያደግነው ቃል በሚከበርበት አገር ነው። ነገር ግን ዕዳው ለማን እንደሆነ እንጠይቅ። ልጁ ለአሰልጣኙ ዕዳ አለበት፤ ሐሳቡን ከለወጠ ራሱ ደውሎ በአክብሮት ሊነግረውና ሊያመሰግነው ይገባል። ለወላጆቹም ዕዳ አለበት፤ ሳያማክራቸው መወሰን የለበትም። ከደጋፊው ግን የተበደረው ነገር የለም። ደጋፊ ትኬት ገዝቶ ጨዋታ ያያል እንጂ የልጁን ሕይወት አልገዛም።

እዚህ አገርም ልጆቻችን በየሰፈሩ ክለብ ይጫወታሉ። ኤሊ ዳሳን የመሰለ የእኛ ልጅ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሲሆን አይተው ተስፋ ሰንቀዋል። 18 ዓመት ሲሞላቸው ክለቡ፣ ሠራዊቱና ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ይመጡባቸዋል። ክለብ ሲለውጡ ወይም ኳሱን ትተው ትምህርት ሲመርጡ ከተመልካቹም፣ ከዘመድም ቃል ይሰነዘርባቸዋል። አንዳንዴም ስድቡ በቆዳ ቀለም ይሆናል። ይህ ዘረኝነት እንጂ የጨዋታ ቀልድ አይደለም፤ ልጁ ብቻውን እንዲሸከመው መተው የለብንም።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባላል። የሰው አእምሮ፣ በተለይ ነገርን የሚያመዛዝነውና ስሜትን የሚገታው ክፍል፣ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ጎልማሳ ሰምቶ የሚያልፈው ስድብ ወጣቱን እንቅልፍ ይነሳዋል። ልጆቻችን ደግሞ በታላላቆች ፊት ዝም ማለትን ተምረዋል፤ ነገሩን በሆዳቸው ይዘው «ምንም አይደለም» ይሏችኋል። አፋቸው ዝም ሲል አካላቸው ይናገራል። እነዚህን ምልክቶች ተመልከቱ፦

- እንቅልፍ ማጣት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፤
- የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ በምርመራ ምክንያቱ ያልታወቀ የራስ ምታት ወይም የሆድ ሕመም፤
- ከጓደኛና ከልምምድ መራቅ፣ ቶሎ ቶሎ መቆጣት፤
- ስልኩ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ።

እነዚህ ነገሮች ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኩፓት ሆሊም ወዳለው የቤተሰብ ሐኪም ውሰዱት። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፣ ወዲያው እርዳታ ጥሩ። ኤራን የተባለው የነፍስ እርዳታ ስልክ 1201 ሲሆን በማንኛውም ሰዓት ይሠራል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ 101፣ ደውሉ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከውሳኔው በፊት ከልጁ ጋር ተቀመጡ። ስንት እንደሚከፈለው ብቻ አትጠይቁ። ማን ያሠለጥነዋል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ትምህርቱስ ምን ይሆናል? ሰንበትንስ እንዴት ያሳልፋል? ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስድብ ሲመጣ መልስ አይስጥ፤ እናንተም በእርሱ ፈንታ አትመልሱ። መልእክቱን ሳትሰርዙ የስክሪን ፎቶ አንሡና አስቀምጡ። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በኢንተርኔት ጥቃት ለሚደርስባቸው ልጆች ወደተቋቋመው ስልክ፣ 105፣ ደውሉ። ዛቻ ካለ ለፖሊስ፣ 100፣ አመልክቱ።

ሦስተኛ፣ ስልኩን በቁጣ አትንጠቁት። የተነጠቀ ልጅ ሌላ ጊዜ ችግሩን ይደብቃል። ይልቁንም ሌሊት ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ እንዲያድር አብራችሁ ተስማሙ።

አራተኛው ለሽማግሌዎች ነው። የተጣላን ስታስታርቁ የኖራችሁ እናንተ ናችሁ። በቡና ላይ የሰው ልጅ ስም ሲነሣና «ክለቡን ከዳ» ሲባል፣ ወሬው ላሾን ሀራዕ መሆኑን ተናግራችሁ አስቁሙት። ልጁንም ጠርታችሁ «ምርጫህን ሰምተናል፣ መንገድህ ይቅና» በሉት። ከታላቅ ሰው አፍ የወጣ ምርቃት ከብዙ ሰው ስድብ ይበልጣል።

በጨዋታ ሜዳም ልጆቻችን ይሰሙናል። ዛሬ የሌላውን ልጅ በፊታቸው ከሰደብን፣ ነገ በእነርሱ ላይ ሲደርስ ወደ እኛ መጥተው አይነግሩንም።