መለየት መፋታት አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን ካህናትና ምእመናን፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ ኢዮቤልዩ በ50ኛው ዓመት የተገዛው ሰው ነጻ የሚወጣበት በዓል ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል የሚፈታው ምንድር ነው፥ ሳይፈታ የሚጠበቀውስ ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በግዕዝ «ፈትሐ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸከማል፤ የታሰረውን ፈታ፥ ፍርድ ፈረደ፥ ከኃጢአት ማሠሪያ ፈታ ማለት ነው። ፍትሕም ፍችም የዚህ የአንዱ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። መለየት ግን ሌላ ነው፤ ማሠሪያው ሳይፈታ ሁለቱ ተራርቀው ይቀመጣሉና።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 7 ሚስት ከባልዋ እንዳትለይ አዘዘ፤ ብትለይም ሌላ ሳታገባ እንድትኖር ወይም እንድትታረቅ፥ ባልም ሚስቱን እንዳይተዋት አስተማረ። መለየትን አላመሰገነም፤ ነገር ግን የተለየችውን ከማኅበር አላስወጣትም፥ የዕርቅንም በር አልዘጋባትም።

የመንግሥትም ሕግ ለዚህ ስፍራ ሰጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ጋብቻው ግን ስላልፈረሰ መተማመንና መረዳዳት አይቀርላቸውም፤ ሌላ ማግባትም አይቻላቸውም።

ባልዋ ሰክሮ እየገባ የሚደበድባት ሴት ወደ አባትዋ ቤት ብትሸሽ፥ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ በማግሥቱ «ትዳር በትዕግሥት ነው፤ ቤትሽ ግቢ» ብለው ይመልሷታል። ይህ ዕርቅ አይደለም፤ መግሉ ሳይወጣ ቍስልን መድፈን ነው። ዕርቅ የሚባለው የበደለው በደሉን አምኖ፥ ንስሐ ገብቶ፥ መመለሱም በጊዜ የተፈተነ እንደ ሆነ ነው። እስከዚያው መለየትዋ ቃል ኪዳን ማፍረስ አይደለም፤ ነፍስን ማዳን ነው እንጂ።

የንስሐ አባትም ሁለቱን በየተቀመጡበት ይጠይቅ፤ ባልን ስለ በደሉ ይገሥጸው፤ የልጆቹም ቀለብ እንዳይጓደል ያሳስበው። ሴቲቱም ወደ ዳኛ ብትሄድ እንደ ከዳተኛ አትቈጠር።

ካህን «ይፍታ» ማለቱ በኃጢአት ማሠሪያ ላይ ነው። እንግዲህ ጋብቻው ከመፈታቱ አስቀድሞ ግፉ ይፈታ፤ የዚህች ደብር ኢዮቤልዩም ያን ጊዜ በየቤቱ ይከበራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።