የአርሲ ስንዴና የጭሰኛው ዕጣ



የኢኮኖሚ ማሻሻያ በታወጀ ቁጥር ስለ ምርት፣ ስለ ገበያና ስለ ብድር ብዙ እንሰማለን። ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ግን አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የአርሲው የጭላሎ አውራጃ ታሪክ ይህን ጥያቄ ማለፍ ምን እንደሚያስከፍል ያስተምረናል።

በ1960 ዓ.ም. ሥራውን እዚሁ አሰላ ላይ የጀመረው፣ ታላላቆቻችን «ካዱ» የሚሉት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመ ነበር። በቁሉምሳ ምርጥ የስንዴ ዘር ፈትኖ አባዛ፤ ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ የወተት ላሞችን ዝርያ አሻሻለ፤ መንገድ ጠረገ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። የስንዴው ምርትም በእርግጥ አደገ።

በጭሰኛው ላይ መከራ ያመጣው ግን ይኸው ስኬት ነው። ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር፤ በይዞታው የሚያጸናው የጽሑፍ ውል ግን በአብዛኛው አልነበረውም። ስንዴ አትራፊ መሆኑ ሲታወቅ፣ ለትራክተር በሚመቸው ሜዳ ላይ ባለመሬቱ ወይ ራሱ አረሰ፣ ወይ ለኮንትራት አራሽ አከራየ። ጭሰኛውም ከነቤተሰቡና ከነከብቱ ተነሣ። በቦታው የቀረውም ኪራይ ተጨመረበት።

አደጋው አስቀድሞ የታሰበ ነበር። ስዊድኖቹ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት በሕግ እንዲሻሻል አሳስበዋል፤ ረቂቅ ሕጉ ግን ባለመሬቶች በሚያይሉበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ካዱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎች ለመወሰን ቢሞክርም፣ አቅም ያለው ሰው ማዳበሪያውንና ትራክተሩን በራሱ ገንዘብ ገዛ። የልማት ድርጅት የመሬት ሕግን ጉድለት ሊሞላ አልቻለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። አራሹ ከባለመሬት ድርሻ ነፃ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ የእህል ኮታ ያስገባው ጀመር፤ ኋላም የመንደር ምሥረታ ዘመቻው ገበሬውን ከቀየው አነሣ። መሬት ያገኘ ሰው በምርቱ ማዘዝ ተሳነው። የኮታው ቀንበር የላላው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ዛሬም ጥያቄው አላበቃም። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጉዳዩ ለበቆጂና ለኢተያ ገበሬም የጓዳ ጉዳይ ሆኗል። ማሳው ሰፊ የሆነ ሰው የማዳበሪያውን የዋጋ ጭማሪ ከትርፉ ይችለዋል። የእኩል የሚያርስ ወጣትና መሬቷን አከራይታ የምትኖር ባልቴት ግን የሚችሉበት ትርፍ የላቸውም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ማንኛውም ማሻሻያ ከመጽደቁ በፊት፣ መሬት የሌለው አራሽ ምን እንደሚደርስበት በግልጽ ይጻፍ፤ መብቱን የሚያስጠብቀው ሕግም ከማሻሻያው ጋር አብሮ ይውጣ። በጭላሎ ስንዴው ቀድሞ ደረሰ፤ ሕጉ ዘገየ፤ በመካከሉ ብዙ ቤተሰብ ተበተነ። ያን ስሕተት ለመድገም ምንም ምክንያት የለንም።