በእንቅርት ላይ የነቀርሳ ሥጋት

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ አንገቷ ያበጠባት እናት የገዛ ሰውነቷ ጠባቂ ኃይል የታይሮይድ ዕጢዋን እንደሚወጋ ከሐኪም በሰማች ጊዜ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ነቀርሳም ይከተለኝ ይሆን ብላ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

አቅራቢዋ፦ አይፈረድባትም፣ ወንድሜ፤ ነገር ግን ለፍርሃቷ ልክ ይበጅለት። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሐሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጠው ይህ ደዌ ባለበት ዕጢ ውስጥ የሚከማቹት ነጭ የደም ሕዋሳት ሊምፎማ ወደተባለው ነቀርሳ የመለወጣቸው ዕድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም ያ ነቀርሳ ከመሠረቱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ በብዙ እጥፍ ቢጨምርም እንኳ የሚያገኘው ጥቂቶችን ብቻ ነው። ይበልጥ ስለሚዘወተረው፣ ፓፒላሪ ስለተባለው ነቀርሳ ግን፣ ይህ ደዌ ያበዛው እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

አቅራቢው፦ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በመንግሥት ደንብ የታዘዘው አዮዲን ያለበት ጨው እንቅርትን ሲቀንስ፣ ይህን የሐሺሞቶ ደዌ ግን ጥቂት ሊያበዛ እንደሚችል በሌሎች አገሮች ታይቷል፤ ታዲያ ጨዉን እንተወው?

አቅራቢዋ፦ ፈጽሞ! የአዮዲን እጦት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና። ይልቁንስ እብጠቷ በጥቂት ሳምንታት ያደገባት፣ ድምፅዋ የጎረነነባት ወይም መዋጥ የተሳናት እናት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ወደ ሆስፒታል ተልካም በአልትራሳውንድ ትታይ፣ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድላት።