ጥበቃ ወይስ ባለቤትነት፦ ስለ ደን ሕጋችን

ስለ ደን በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ወደ ችግኝ ብዛት ያዘነብላል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህማ ቁጥሩ የኩራት መለኪያ ሆኗል። ተከላውን ማጣጣል አልሻም። የምሟገተው ግን ደን የሚለማውም የሚጠፋውም በአብዛኛው የመጠቀም መብቱ በማን እጅ እንዳለ ተከትሎ ስለሆነ፣ ሕጉም ድጋፉም ከዚያ ይነሣ ብዬ ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኛውን ነጻ አወጣ፤ ትልልቁ ደን ግን ከመንግሥት እጅ ገባና አጠገቡ የሚኖረው ገበሬ ከዘበኛ የሚደበቅ ሰው ሆነ። በ1983 ሥርዐቱ ሲለወጥ ዘበኛው ተበተነ፤ በዘመቻ የተተከለው ደንም በብዙ አካባቢ ተመነጠረ። ገበሬው ዛፍ ስለሚጠላ ነው እንዳንል፣ ያው ገበሬ በጓሮው ባሕር ዛፍ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይተክላል፣ ይጠብቃል፣ ሲደርስም ሽጦ ለልጁ ትምህርት ያውላል። ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት የሚያዩ ባለሙያዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ውሃ ይመጥጣል የሚለው ስጋታቸው ምንጭና ረግረግ አጠገብ አይተከል ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ገበሬው ለምን እንደመረጠው አያስረዳንም።

የተሻለውን መንገድ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ አሳይቷል። 2,728 ሄክታር የሚሆነው የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋነኛነት በችግኝ አይደለም፤ ከአፈር በታች በሕይወት የቆየው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ከብት ተከለከለ፣ ከቀንበጡም ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ተገረዘ። ቦታውን የሚያስተዳድሩት 7 የነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ዛፉ ከአየር ስቦ ከሚያስቀረው ካርቦን ሽያጭ ገቢ ማስገኘት ቻለ። ይህ የውጭ እርዳታ ውጤት ነው የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ እርዳታ ነበረበት። ግን ነዋሪው ከካርቦኑ ገንዘብ አስቀድሞ ያገኘው የሚታጨድ ሣርና ከተገረዘው ቀንበጥ የሚገኝ ማገዶ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የውጭ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ለዘመናት የቆዩት በክልከላ አይደለምን? በከፊል አዎን። ሆኖም ክልከላው ከሩቅ መሥሪያ ቤት የመጣ ሳይሆን ደብሩ የራሱ የሚለው፣ ምእመኑም ሬሳውን የሚያሳርፍበት ቦታ በመሆኑ ነው የተከበረው።

ሕጋችን የነዋሪውን የደን ባለቤትነት ዘግይቶም ቢሆን ተቀብሏል። የ1999ኙ ዐዋጅ ቁጥር 542 የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ያውቅ ነበር፤ የ2010ሩ ዐዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ይዞታ ጨመረ። የቀረው አፈጻጸሙ ነው። ማኅበሩ በጸደቀ የአስተዳደር ዕቅዱ መሠረት የደረሰ ዛፍ ቆርጦ ለመሸጥ ለእያንዳንዱ ጭነት ፈቃድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ከሆነ፣ መብቱ የወረቀት ነው። ፈቃዱ ካልኖረ የተሰረቀ ግንድ ይቀላቀላል ይባላል፤ ይህ ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ዕቅዱ ሲጸድቅ የዓመቱን የቆረጣ መጠን አብሮ መፍቀድ፣ ከዚያም ቁጥጥሩን በመንገድ ኬላ ሳይሆን በደኑ ውስጥ ጉቶ በመቁጠር ማድረግ ነው።