እንጀራችንና በውስጡ ያለው ስኳር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል)



ስለ ስኳር ሕመም ጥቂት እንድናገር ተጋብዣለሁ። ብዙዎቻችን «እኔ እንኳ ሻይም ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» እንላለን። የበላነው እንጀራ ግን ሆዳችን ሲገባ ወደ ስኳር ይለወጣል።

ካርቦሃይድሬት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ዋናው ቅንጣቱ ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው። ግሉኮስን እንደ ዶቃ አስቡት። ብዙ ዶቃዎች ሲሰካኩ ስታርች ይሆናሉ፤ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በድንችና በቆጮ በብዛት ያለው ይህ ነው። እነዚያው ዶቃዎች አንዱ ቀጥ፣ አንዱ ተገልብጦ ሲያያዙ ደግሞ ሴሉሎስ ይሆናሉ፤ በገለባ፣ በእንጨትና በጥጥ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የስታርቹን ማያያዣ ከምራቃችንና ከቆሽታችን የሚወጣው ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ የሴሉሎሱን ግን አይችልም። ላም ገለባ በልታ የምትወፍረው በሆዷ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን ስለሚቆርጡላት ነው።

ግሉኮስ ማገዶ ነው። አንጎላችን ብቻ በቀን 120 ግራም ገደማ ይፈጃል። ትርፉ በጉበትና በጡንቻ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም ደማችን ስኳር እንዳያጣ የሚያደርገው የጉበቱ ጎተራ ነው። የደም ዓይነታችንን ኤ ወይም ቢ የሚያሰኘውም በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተሰካ የስኳር ቅንጣት ነው።

የማይፈጨው ክፍል፣ አሰር የሚባለው፣ ዋጋ ቢስ አይደለም። ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ይረዳል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ከነልባሱ ይፈጫል። የምንኖርባት ሚኒያፖሊስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1930 የዓለም የዱቄት ዋና ከተማ የተባለችው፣ በሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ዳር የነበሩት ወፍጮዎቿ ፉርሽካውን አጥርተው በሚያወጡት ነጭ ዱቄት ነው። ዛሬ ጤፍ ሲወደድብን ያንን ነጭ ዱቄት እንቀላቅላለን። ስሙ እንጀራ ነው፤ አሰሩ ግን ቀንሷል። ንጹሕ ጤፍም ቢሆን አብዛኛው ስታርች ስለሆነ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በደም የበዛ ስኳር ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ የሦስት ወር ገደማውን ያሳያል፤ ከ5.7 በመቶ በታች ደህና ነው፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 6.5ና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ምልክት ነው። ሕመሙ ለዓመታት ሳይሰማን ዓይንና ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ «ምንም አላመመኝም» ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ኤዋንሲያችሁን አስለኩ። ከእንጀራው ቀንሳችሁ ጎመኑንና ምስሩን ጨምሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። እኛ አስተናጋጆችም «በቃኝ» ያለውን እንግዳ «በሞቴ» ብለን አናስጨንቀው።