የአደራ ሰው

በቂርቆስና በካዛንችስ አካባቢ ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በሌላ ሰው ስም መሥራት» የሚል ነው። ይህ ነገር በቋንቋችን ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ውክልና፥ ሁለተኛው አደራ ይባላል።

ውክልና በወረቀት ይጻፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2199 እንደሚያስረዳው፥ ውክልና አንድ ሰው ስለ ሌላው ሆኖ በሕግ ፊት የሚጸና ሥራ ለመሥራት የሚገባው ውል ነው። ሕጉ ተወካዩን በሦስት ነገር ያስረዋል። አንደኛ፥ ከተሰጠው ሥልጣን አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ጠቅላላ ውክልና አይበቃውም፥ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፥ ለወካዩ ጥቅም ብቻ ይሠራል። ሦስተኛ፥ በተጠየቀ ጊዜ ሒሳቡን ያቀርባል። ወካዩም እምነት ቢያጣበት ውክልናውን ሊሽር ይችላል።

አደራ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት የሚሰጥ ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው» ይላሉ። አደራውን ያጎደለውን ሰውም «ተሳሳተ» ብለው አያልፉትም፤ «አደራ በላ» ይሉታል እንጂ።

የዚህ ሰፈር ሰው ይህን በእድሩ ያውቀዋል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ኑሮው ከጎረቤቶቹ የማይሻል ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የብዙ ቤተ ሰብ የቀብር ገንዘብ በእጁ ነው። ድንኳኑ፥ ወንበሩና ድስቱም በቁጥር ተረክበው የሚጠበቁ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሄደ። እንግዲህ ጎረቤት ሲበተን ሒሳብ የሚጠይቀው ጉባኤ አብሮ ይበተናል። ጠያቂ በቅርብ ሳለ ሰው ሁሉ ታማኝ ይመስላል፤ መዝገብ ያዡ የሚታወቀው ጠያቂው ሲርቅ ነው።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የምናነበው የአብርሃም ሎሌ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። ከመሄዱ በፊት «ሴቲቱ እንቢ ብትልስ?» ብሎ የሥልጣኑን ወሰን ጠየቀ። በደረሰበት ቤት ማዕድ ሲቀርብለት መልእክቱን ሳይናገር አልበላም። ሲመለስም ያደረገውን ሁሉ ለይስሐቅ ነገረው። ወሰኑን ማወቅ፥ የላኪውን ጉዳይ ከራስ ሆድ ማስቀደም፥ ተመልሶ ሒሳብ መስጠት፤ የአደራ ሰው ምልክቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በሁለት ወገን መካከል ቆመናል። በአንድ በኩል ገንዘቡን የሰጠው ምእመን አለ፤ በሌላ በኩል ገንዘቡ የተሰጠላት መበለት አለች። ለሰጪው ሪፖርት እንጽፋለን፤ ደስ ካላለውም ርዳታውን ሊያቆም ይችላል። መበለቲቱስ? «ስለ ድሆች እንናገራለን» ስንል ማን ወከለን? እርስዋ ፈርማ የሰጠችን ወረቀት የለም፤ ልትሽረንም አትችልም። እንዲያውም ርዳታው እንዳይቀርባት ፈርታ ቅሬታዋን በሆድዋ ልትይዘው ትችላለች። ስለዚህ የእኛ አደራ በወረቀት ከተጻፈው ውክልና ይልቅ ይከብዳል፤ ሊሽረን በማይችል ሰው ስም እንሠራለንና።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሳንጠይቅ አንወስን። ከሰፈርዋ የተነሣች እናት ልጆችዋ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት የታክሲ ገንዘብ ቸግሮአት ይሆናል። እኛ ሳንጠይቃት ብርድ ልብስ ብንገዛላት ደረሰኙ ትክክል ይሆናል፤ ችግርዋ ግን እንዳለ ይቀራል።

ቀጥሎም ለሰጪው የምንልከውን ሒሳብ በአማርኛ ለተረጂዎቹ ቤተ ሰቦች እናንብብላቸው። ስንት እንደ መጣ፥ ስንት ለመኪናና ለቢሮ እንደ ወጣ፥ ስንት እንደ ቀረ ይስሙ፤ የመጠየቅም ጊዜ ይሰጣቸው። ቅሬታ የሚሰማውም ርዳታውን የሚያድለው ሠራተኛ ራሱ አይሁን።

ደግሞም ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈ፥ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ሐዋርያው ከምስክር ጋር ከተጓዘ፥ ሁለተኛ ፊርማ የተጠየቀ ሠራተኛ «አላመናችሁኝም» ብሎ ሊቀየም አይገባውም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ሊጠይቀን የማይችለውን ሰው የሚጠይቅለት ጌታ አለ። እርሱ ሳይጠይቀን በፊት ድሃው እንዲጠይቀን በሩን እንክፈት። ጌታ በአደራችን ታማኞች ሆነን እንድንገኝ ይርዳን። አሜን።